ስለ ሕፃን አያያዝ የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች በኢትዮጵያ

ስለ ሕፃን አያያዝ የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች የሚባሉት ጨቅላ ሕፃንን ስለ መመገብ፣ ስለ ማሞቅ፣ ስለ ማጠብና ስለ ማከም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ የቆዩ፣ ነገር ግን ጉዳታቸው በሕክምና የታወቀ እምነቶችና ልማዶች ናቸው። በገጠር ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዳሉት ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ ከተሞች ከተለያየ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ አንዲት አራስ ከእናቷ፣ ከአማቷ፣ ከጎረቤቷና ከጤና ጣቢያ የተለያየ ምክር ልትሰማ ትችላለች።

ዳራ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው፣ 48ቱ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያከብሩ ይሞታሉ። ይህም ማለት ከአንድ ዓመት በታች ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። ለዚህ ዋናዎቹ ምክንያቶች ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ከታች ከተዘረዘሩት ልማዶች በርካታዎቹ አደገኛ የሚሆኑት ኢንፌክሽንን ስለሚያመጡ ወይም ሕክምናን ስለሚያዘገዩ ነው።

ልማድ ሁሉ ግን ጎጂ አይደለም። ሕፃንን ማዘል፣ ለረጅም ጊዜ ጡት ማጥባት፣ አራሷን ከሥራ ማሳረፍና ገንፎና አጥሚት እያቀረቡ መንከባከብ የጤና ባለሙያዎችም የሚደግፏቸው ናቸው።

እንገር

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫማ የእናት ጡት ወተት እንገር ይባላል። መልኩ ከኋለኛው ወተት ስለሚለይ «የቆሸሸ» ወይም «ሆድ የሚያሳምም» ነው ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት ልማድ አለ። በእርግጥ እንገር በሽታን በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችና በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው፤ ሕፃኑ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር እንዲያስወግድም ይረዳል። መጠኑ ማነሱም ጉድለት አይደለም፤ የጨቅላ ሕፃን ሆድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚይዘው ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ይመክራል።

ቅቤ፣ ውሃና አብሽ

ጡት ከመጀመሩ በፊት ለሕፃን ለጋ ቅቤ ማላስ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ መስጠት በብዙ አካባቢ ይታወቃል። «ጉሮሮውን ያለሰልሳል»፣ «አንጀቱን ያርሳል» የሚል ምክንያት ይሰጠዋል። ቅቤ ግን ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ የሳንባ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ያልተጣራ ውሃና ንጹሕ ያልሆነ ዕቃ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣሉ። በዚያ ላይ ሆዱ የሞላ ሕፃን ጡት ቶሎ አይስብም። ይህ ልማድ እየቀነሰ ነው፤ በአገር አቀፍ ዳሰሳዎቹ መሠረት ጡት ሳይጀምሩ ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 27 ሲሆኑ በ2016 ወደ 8 ወርደዋል።

«ፀሐይ ሲበረታ ሕፃኑ ይጠማዋል» በሚል ውሃ መስጠትም የተለመደ ነው። ከእናት ጡት ወተት አብዛኛው፣ ከ100 እጅ 88 ያህሉ፣ ውሃ በመሆኑ እስከ 6 ወር ድረስ ሕፃን በሙቀት ጊዜም ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም። ከዚህ ውጭ የሚሆነው በጤና ባለሙያ የታዘዘ መድኃኒት ወይም ኦ.አር.ኤስ. ነው።

«ወተቷ አይበቃም»

ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ወተት አንሶታል ማለት ስህተት ነው። ሕፃን በብርድ፣ በሙቀት፣ በሆድ ቁርጠት፣ በድካም ወይም መታቀፍ ፈልጎ ያለቅሳል። የጡት መጠንም የወተትን መጠን አይወስንም፤ ወተት የሚጨምረው ሕፃኑ አዘውትሮ ሲጠባ ነው። ወተቱ እንደሚበቃ የሚታወቀው ሕፃኑ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሸናና ክብደቱ ሲጨምር ነው። «ያረገዘች እናት ወተት ልጁን ያሳምማል» የሚለውም መሠረት የለውም።

ይህ ጉዳይ በፋብሪካና በቢሮ ለሚሠሩ እናቶች የበለጠ ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ እናቶች ወደ ሥራ የሚመለሱት ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ነው። «ታልቦ የቆየ የጡት ወተት መርዝ ነው» የሚለው እምነት በዚህ ጊዜ ወደ ላም ወተት ወይም ወደ ዱቄት ወተት ይገፋል። ሆኖም በንጹሕ እጅ ታልቦ በተከደነ ንጹሕ ዕቃ የተቀመጠ የጡት ወተት በተለመደው የክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት ሳይበላሽ ይቆያል። ለማጽዳት ከሚያስቸግር ጡጦ ይልቅ በስኒ ማጠጣት ይመረጣል።

ተጨማሪ ምግብ

6 ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል። «ልጅ ጥርስ ሳያወጣ ሥጋና እንቁላል አይችልም» በሚል ቀጭን አጥሚት ብቻ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ በቂ ኃይል አይሰጥም። ገንፎው በማንኪያ ሲነሳ የማይፈስ ሊሆን ይገባል፤ የተፈጨ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለና የላመ ሥጋ፣ ጥራጥሬና አትክልትም ይጨመርበታል። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

በጾም ወራት የቤቱ ዕቃ እንዳይነካ ተብሎ ሕፃናት ከወተትና ከእንቁላል የሚከለከሉበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ጾም የሚጀመረው ከ7 ዓመት ነው፤ ሕፃናት አይጾሙም። ለሕፃኑ የተለየ ድስትና ሳህን መመደብ ችግሩን ያቃልላል።

ፀሐይ

አገሪቱ በ«13 ወር ፀሐይ» ብትታወቅም፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ (ሪኬትስ) በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ሲታይ ቆይቷል። ምክንያቱ የፀሐይ ማነስ አይደለም፤ ሕፃኑን «ምች ይመታዋል»፣ «ብርድ ይገባዋል» ወይም «የሰው ዓይን ያገኘዋል» በሚል ተጠቅልሎ በቤት ውስጥ ማቆየት ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ደግሞ አነስተኛ ነው።

በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት የጉዳቱን ክብደት አሳይቷል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፣ ለንጽጽር ከተወሰዱ የሳንባ ምች የሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የለሰለሰ የደረት አጥንት መተንፈስን ስለሚያስቸግር ሪኬትስ የእግር መንጋደድ ብቻ ተደርጎ አይታይም።

በልብስ ሸፍኖ ወይም ከመስታወት ጀርባ አስቀምጦ ማሞቅ በቂ አይደለም፤ መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚያስገኘውን ጨረር ያስቀራል። ቅቤ መቀባትም ፀሐይን አይተካም። ሕፃኑ ጠዋት ለአጭር ጊዜ ገላው ተገልጦ፣ ዓይኑ ከቀጥታ ብርሃን ተከልሎ ይሞቃል። በሌላ በኩል፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ሕፃን በቤት ፀሐይ ብቻ ይድናል ማለት አደገኛ ነው። በተለይ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ወይም መዳፍና የእግር ጫማ የደረሰ ቢጫነት አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል፤ ካልታከመ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።

ሙቀት፣ መታጠብና እንቅልፍ

ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው መታጠብ አለበት የሚለው እምነት ሕፃኑን ለብርድ ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ገላ ማጠቡ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል።

እንደ ሱሉልታ ባሉ ደጋማ ከተሞች ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የአራሷን ክፍል በከሰል ማሞቅ የተለመደ ነው። «ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ካለፈ አይጎዳም» የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እናትንም ልጅንም በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ሕፃንን በእናት ባዶ ደረት ላይ አድርጎ፣ ኮፍያ አልብሶና ከላይ ሸፍኖ ማቀፍ የተሻለ ማሞቂያ ነው፤ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናትም በሆስፒታል የሚሠራበት የካንጋሮ እንክብካቤ ይኸው ነው።

ሕፃን በጀርባው ቢተኛ ትውከት ያንቀዋል ተብሎም ይፈራል። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው መተኛቱ አያንቀውም፤ በሆድ መተኛት ነው ለድንገተኛ ሞት የሚያጋልጠው።

እትብት

እትብት ቶሎ እንዲደርቅ ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት መቀባት መንጋጋ ቆልፍንና የደም መመረዝን ሊያመጣ ይችላል። እትብት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይተዋል፤ በጤና ተቋም ክሎርሄክሲዲን የተባለ ቅባት ከተሰጠ እንደ ታዘዘው ይደረጋል።

እንጥልና የወተት ጥርስ

ሳል፣ ትውከት ወይም ጡት እምቢ ማለት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥል ይቆረጣል፤ ተቅማጥና ትኩሳት ደግሞ ገና በድድ ውስጥ ባለ የወተት ጥርስ ተሳብቦ ድዱ ተሰንጥቆ ጥርሱ ይወጣል። ሁለቱም ድርጊቶች ደም መፍሰስ፣ መንጋጋ ቆልፍና ሌላ ኢንፌክሽን ያስከትላሉ፤ ጥርስ መንቀል ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ትልቁ ጉዳት ግን እውነተኛው በሽታ ሳይታከም መቅረቱ ነው። ጥርስ ማብቀል ከባድ ተቅማጥ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። የእርግብግቢት መጎድጎድም ቅቤ በመቀባት የሚድን አይደለም፤ ሰውነት ፈሳሽ ማጣቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። የተቅማጥ ሕክምና ጡት ማጥባትን መቀጠል፣ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው።

ክትባት

«ጉንፋን የያዘው ልጅ አይከተብም» የሚለው ግንዛቤ ብዙ ቀጠሮ ያሳልፋል። ቀላል ጉንፋን ክትባትን አይከለክልም። የመጀመሪያው ክትባት እንደተወለደ፣ ቀጣዮቹ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከ9 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ከክትባት በኋላ የሚታይ መጠነኛ ትኩሳት ክትባቱ በሽታ አመጣ ማለት አይደለም።

ሕግ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ለአራስ ሕፃን ሞት ምክንያት የሚሆኑ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል። ከነዚህም መካከል ለሕፃን ቅቤ ማዋጥንና እንጥል መቁረጥን በስም ይጠቅሳል።

አደገኛ ምልክቶች

ጨቅላ ሕፃን ጡት መጥባት ካቆመ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ በፍጥነት ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከተነካ ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ እትብቱ አካባቢ ከቀላ ወይም መግል ካለው፣ መዳፉና የእግሩ ጫማ ቢጫ ከሆነ፣ ቀን ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰዳል። በጉዞው ላይም ከእናቱ ደረት ጋር ተጣብቆ እንዲሞቅና መጥባት ከቻለ ጡት እንዳይቋረጥበት ይደረጋል።