ሙያ የሚሉት ቃል

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት ተውኔቶቻቸውና በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» ናቸው። ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጓዳ ላወጋ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከእኅታቸው ከየውብዳር ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከዋል። የውብዳር ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተብለው፣ ፒያኗቸው ዓለምን አዳርሶ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ናቸው። በወረራው ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ ከአርበኞች ጋር ጎሬ ደርሰው፣ በመጨረሻ አሲናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት አገለገሉ፤ ከዚያም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ።

በ1923 ዓ.ም. በተከፈተው በዚያ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ከቀለም ጋር የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ ይማሩ ነበር። ነገሩ የሚገባን «ሙያ» የሚለውን ቃል ስናስተውል ነው። ወንድ «ባለሙያ» ሲባል ሐኪም ወይም አናጢ ነው፤ ሴት «ባለሙያ» ስትባል ግን ወጧ ጣፈጠ ማለት ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ቤት! ልጁን ለፊደል የሚሰጥ አባት ሙያዋ እንዳይቀር ይሰጋል። የባልትናው ትምህርት የዚያ ሥጋት ማርከሻ ይመስለኛል። ወጥመድ ነበር የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አላጣም። ነገር ግን ወይዘሮ ስንዱ እነዚያኑ መርፌ የያዙ ልጆች መድረክ ላይ አውጥተው ስለ አገር አናገሯቸው። ራሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ ገቡ። እንግዲህ ሙያቸው የትኛው ነበር?

ይህን የምጽፈው ከአሶሳ ነው። ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው። ደሴ ትምህርት ቤት ቢኖርም እናቴ ደጁን አልረገጠችም። ጤፍ የለመደ እጇ እዚህ ማሽላ፣ ባሚያና ቀርከሃ ገጠመው። ያስተማረቻት ጎረቤታችን የበርታ ሴት ነበረች። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ በእጅ ነበር የሚግባቡት። ባሚያ ደርቆ ተፈጭቶ ወጥ እንደሚያያይዝ አሳየቻት። በክረምት ቀርከሃው ሲያቆጠቁጥ፣ ለጋውን ልጣ፣ ከትፋ፣ ቀቅላ፣ መራራውን ውኃ እንድትደፋ አስተማረቻት። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ውኃውን አልደፋችም ነበር፤ ከጦሙ ሽሮ ጋር ደባልቃ አቀረበችልን፤ ማንም አልዋጠው። ጎረቤታችን ቀምሳ እስክትወድቅ ሳቀች፤ ከዚያ ድስቱን ራሷ አንሥታ ደጅ ወጣች።

በልጅነቴ በትምህርት ቤት ያየኋቸው የባልትና ገጾች ስለ ዶሮ ወጥና ስለ ድፎ ዳቦ ያወሩ ነበር። የቀርከሃ ቡቃያ አላገኘሁባቸውም። ቂም አይደለም፤ መምህሮቹም ቢሆኑ ያደጉበትን ማጀት ነው የጻፉት። ቢሆንም አንድ ቀን ያችን ሴት በስሟ መዝግቦ «የባልትና መምህርት» የሚላት መዝገብ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

ጎረቤታችን ካረፈች ሰነበተች። እናቴ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ውኃውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ትደፋለች።