የደሴ ገበያ ዋጋ ምን ይመሰክራል?

የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት እንዴት እንደሚያስቡ በወሎ ረሃብ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ወሎ በድርቅ ተመታ። የረሃቡ የተለመደ ማብራሪያ «በአገሩ እህል ጠፋ» የሚል ነበር። ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ድህነትንና ረሃብን በሚመረምር መጽሐፋቸው ይህን አባባል በዋጋ ፈተኑት። ሕዝቡ የመግዛት አቅም እያለው እህል ብቻ ቢጎድል ኖሮ፣ የደሴ ዋጋ ሰማይ በነካ ነበር። ዋጋው ግን ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር።

ገበያ የሚሰማው የገዢውን ብር እንጂ የተራበውን ጩኸት አይደለም። ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውንም የሚሸጠውንም ባንድ ጊዜ አጣ። አርብቶ አደሩም ከብቱ ከማለቁ በላይ፣ በተረፈው ከብት የሚለውጠው እህል አነሰበት።

ተቺዎቻቸው የወሎ ምርት ክፉኛ መውደቁንና የመንገድ እጦት እህል እንዳይገባ ማገዱን ያነሣሉ። ሴን የምርቱን መውደቅ አልካዱም፤ በአገር ደረጃ ግን እህል ነበር ይላሉ።

በእኔ እምነት የክርክሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ግን የመሬት ይዞታው፣ መንገዱና የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ኢኮኖሚክስን የማኅበራዊ ሳይንስ የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ምክንያቱን ስንስት መድኃኒቱንም እንስታለን፦ ገቢውን ላጣ ሰው በሌላ አውራጃ ጎተራ ያለ እህል አይደርስለትም። ስለዚህ ተማሪዎቼን «እህል አለ ወይ?» ከማለታችሁ ጋር «ማን መግዛት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ።