ኦፕቶካፕለር፦ የመብራት ኃይል መኖሩን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት
ኦፕቶካፕለር ብርሃን አመንጪ ዳዮድንና ብርሃን ሲያርፍበት ከረንት የሚያስተላልፍ ትራንዚስተርን በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ፊት ለፊት አድርጎ የያዘ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ብርሃን ብቻ እንጂ ሽቦ ባለመሆኑ፣ በ3.3 ወይም በ5 ቮልት የሚሠራ ሎጂክ ሰርኪዩት፣ ማለትም “አለ” እና “የለም” የሚሉ ሁለት ሁኔታዎችን ብቻ የሚለይ ሰርኪዩት፣ ከመብራት መስመሩ ጋር ሳይነካካ ኃይል መኖሩን እንዲያውቅ ያስችለዋል።

በኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ቢሆንም የሞገዱ ጫፍ 311 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ ከዳዮዱ በፊት በተከታታይ የሚገቡ ሁለት ባለ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከረንቱን ወደ 2.3 ሚሊ አምፔር ይገድቡታል፤ እያንዳንዳቸውም ሩብ ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያመነጩ አቅማቸው ቢያንስ ግማሽ ዋት መሆን ይገባዋል።

ተለዋዋጭ ከረንት በየ10 ሚሊ ሰከንዱ በዜሮ ስለሚያልፍ፣ ሁለት ዳዮዶች በተቃራኒ አቅጣጫ የተያያዙበት ዓይነት በሰከንድ 100 ምት ይሰጣል፤ በመሆኑም ፕሮግራሙ ኃይል ጠፍቷል ብሎ የሚወስነው ምቱ ለ30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቋረጥ ሊሆን ይገባል። ይህ ሁሉ ግን ሕይወትን የሚጠብቀው በቦርዱ ላይ ሁለቱ ወገኖች በበቂ ርቀት ሲለያዩ፣ በመስመሩ በኩል ፊውዝ ሲገባና የኒውትራል ሽቦ ከሎጂክ ሰርኪዩቱ ጋር ፈጽሞ ሳይያያዝ ሲቀር ነው።