መላምት ከወንዝ ዳር፦ እንዶድና የቦይ ውሃ

በክፍል ውስጥ «መላምት ጻፉ» ስንል ብዙ ተማሪ የሚያመጣልን ወይ ጥያቄ ነው ወይ አስተያየት። «የቦይ ውሃ ለምን ያሳምማል?» ጥያቄ ነው። «የቦይ ውሃ መጥፎ ነው» ደግሞ አስተያየት። ቃሉ ራሱም ሳያሳስት አልቀረም፤ «መላ መምታት» ሲባል እንዲሁ በደፈናው መገመት ይመስለናልና። ሳይንስ የሚፈልገው ግን ስህተት ከሆነ ስህተቱ የሚታይበት መንገድ ያለውን ግምት ነው። ይህንን በትርጉም ከማስረዳት በታሪክ ማስረዳት ይቀላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ኒው ሀልፋ የተመሠረተችው በተፈናቃዮች ነው። የአስዋን ግድብ ውሃ ዋዲ ሃልፋን ሊውጥ ሲል ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑብያውያን ተነስተው ከ1964 ጀምሮ እዚህ ሰፈሩ። የተከዜን ውሃ በሚቀበለው በአትባራ ወንዝ ላይ የኸሽም አል ጊርባ ግድብ ተሠራ፤ ቦይ ተቆፈረ፤ ጥጥና ስንዴ ተዘራ። ቀስ ብሎ የሚሄድ የቦይ ውሃ ደግሞ ለቀንድ አውጣ ይመቻል። በቀንድ አውጣው በኩልም ቢልሃርዝያ መጣ።

የበሽታውን ትል ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ላይ አገኘው። እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ግን ለረጅም ጊዜ አከራከረ። እዚያው ካይሮ ያስተምር የነበረው ታዋቂው ምሁር አርተር ሎስ፣ ትሉ በውሃ አድርጎ በቀጥታ ወደ ሰው ቆዳ ይገባል፣ በመካከል ሌላ እንስሳ የለም ይል ነበር። በ1915 ሮበርት ሌይፐር ግብፅ ውስጥ ባደረገው ምርምር ትሉ መጀመሪያ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ እንዳለበት አሳየ። የሎስ ሐሳብ ወደቀ። መውደቅ የቻለው ሊፈተን በሚችል መልክ ስለተናገረው ነው፤ በዚህ በኩል ሎስን አንወቅሰውም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ አድዋ ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንግዲህ ይህ ምልከታ ነው፤ ገና መላምት አይደለም። ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው እድፉ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። እሳቸው ከላይ በኩል በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ አደረጉና አንዷን አጣቢ ከእንዶዱ አረፋ ጨምሪበት አሏት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። መላምቱን በእኛ አጻጻፍ ብናስቀምጠው «እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድል ከሆነ፣ በአንድ ዓይነት ውሃ ካስቀመጥናቸው ቀንድ አውጣዎች እንዶድ የተጨመረባቸው ይሞታሉ፣ ያልተጨመረባቸው ይኖራሉ» ይሆናል። ያልተጨመረባቸውም ከሞቱ መላምታችን አበቃለት ማለት ነው። ተማሪዎች ይህቺን ሁለተኛዋን ዕቃ ነው ሁልጊዜ የሚረሱት።

ሌላም አለ። ቀንድ አውጣ ሞተ ማለት ሕፃናት ዳኑ ማለት አይደለም፤ ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ መላምት ስለሆነ ለብቻው መፈተን ነበረበት። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ትንንሾቹ ለይተው የተቆጠሩት በምክንያት ነው። ትልቅ ሰው ትሉን ከድሮ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የአዲስ መያዝ መቀነሱ በደንብ የሚታየው በሕፃን ላይ ነው።

እንዲህም ሆኖ ግኝቱ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ቶሎ አልታመነም፤ ዓመታት ፈጀ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ። አክሊሉ በ1997 አረፉ። አጣቢዎቹ ሴቶች ግን ስማቸው በየመጽሐፉ አይገኝም፤ ይሄ እኛን ቅር ይለናል።

ለመምህራን፦ ተማሪዎች ስለ ቦያችን አንድ አንድ መላምት ይጻፉ፤ ምን ቢታይ ውድቅ እንደሚሆንም ከሥሩ ያስፍሩ። ሥራው በወረቀት ብቻ ይሁን። ትሉ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ስለሚበሳ ቀንድ አውጣ ለመልቀም ማንም ልጅ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ፣ እጁንም እንዳይነክር አደራ።