«ዘመን» እና ባለቤቱ፦ የአንድ ቃል ታሪክ ከስሜን ግርጌ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «ዘመን» የተባለውን የዕለት ተዕለት ቃል ምንጭና ፍቺ መመርመር፣ ከዚያም ቃሉ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ግርጌ ታሪክ ውስጥ ያለውን ሚና ማሳየት ነው። ቃሉ ቀላል ስለሚመስል የታሪክ ምንጭ የሚያነብ ተማሪ ሳያስተውለው ያልፋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

«ዘመን» ከግዕዝ የተወረሰ ቃል ነው፤ በግዕዝ ብዙ ቁጥሩ «አዝማን» ይባላል። ዐረብኛው «ዘማን»፣ ዕብራይስጡ «ዝማን»፣ ሱርስቱ «ዘብና» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ የሚገኘው እንደ መክብብ፣ አስቴርና ነህምያ ባሉ በኋለኞቹ መጻሕፍት ስለሆነ፣ ከአራማይስጥ የመጣ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ከአራማይስጥ በፊት ስላለው ምንጭ ግን አልተስማሙም፤ ገሚሶቹ ወደ ጥንታዊው የፋርስ ቋንቋ፣ ገሚሶቹ ወደ አካድኛው «ሲማኑ» ይወስዱታል። የአካድኛው ቃል «ተገቢ ወቅት»፣ የዕብራይስጡም «የተወሰነ ጊዜ» ማለት ነው። እንግዲህ በእነዚህ ጥንታዊ ቋንቋዎች ቃሉ የሚያመለክተው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ጊዜ ሳይሆን ለአንድ ነገር የተመደበውን ጊዜ ነው።

ይህ ፍቺ በእኛም ዘንድ አልጠፋም። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆይ 40 ቀን ነው፤ ዘመነ ሉቃስ አንድ ዓመት ነው፤ ዘመነ መሳፍንት ከ80 ዓመት በላይ ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ርዝመታቸው ሳይሆን ባለቤት ያላቸው መሆኑ ነው። «ዘመነ» ብሎ የጀመረ ሰው «የማን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ሊያቆም አይችልም። በአንጻሩ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን የፈጀውን ረኃብ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» አለው። ዓመታት የዘለቀው መከራ በ«ቀን» መጠራቱ ባለቤት እንዲኖረው ካለመፈለግ የመጣ ይመስለኛል።

የቃሉ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በደረስጌ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በዛሬው ጃናሞራ ወረዳ በሚገኘው ደረስጌ፣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ድል አደረጉ፤ ውቤ ባሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የዚያ ዕለት ዘመኑ ማን ነበር? ባሕረ ሐሳብ እንደሚያስተምረን 5500 እና 1847 ሲደመሩ 7347 ይሆናሉ፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ሉቃስ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ዕለቱን የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ይለዋል። ለስሜን ሰው ደግሞ ያበቃው የውቤ ዘመን ነው። አንድ ዕለት ሦስት ባለቤት አለው ማለት ነው።

«ዘመነ መሳፍንት» ራሱ ፍርድ ያዘለ ስም ነው። ስሙ የተወሰደው ከመጽሐፈ መሳፍንት ሲሆን፣ መጽሐፉ በእስራኤል ንጉሥ ያልነበረበትን፣ እያንዳንዱም የወደደውን ያደርግ የነበረበትን ወቅት ይተርካል። ስለዚህ ስያሜው ወቅቱን የሚመለከተው ከጎንደር ዙፋን አንጻር፣ ማለትም ከጎደለው ንጉሥ አንጻር ነው። ነገር ግን «መስፍን» የወጣበት «ሰፈነ» በግዕዝ ገዛ፣ ሠለጠነ ማለት ነው። ውቤም ስሜንን ከአባታቸው ወርሰው፣ ከ1823 ዓ.ም. ወዲህ ትግራይን ጨምረው የገዙ መስፍን ነበሩ። አንድ የዳባት ወይም የደባርቅ ሽማግሌ «በውቤ ዘመን» ቢሉና ተማሪው «በዘመነ መሳፍንት» ብሎ ቢጽፍ፣ ቃል ያሳጠረ ወይም ያስተካከለ ሊመስለው ይችላል፤ በእውነቱ ግን ባለቤቱን ለውጦ የአገሬውን ምስክርነት በሌላ ፍርድ ተክቶታል።

ከዚህ የቀረበ ሌላ ምሳሌም አለ። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በአዲስ አበባ መታተም የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ስሙም የነጻነትን መመለስ ያበስራል። በዚያ ሰዓት ግን ከደባርቅ አጠገብ በወልቅፊት የሠፈረው የጣሊያን ጦር ገና እጁን አልሰጠም ነበር፤ የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የደባርቅ ሰው «የጣሊያን ዘመን» የሚለው ከአዲስ አበባው በወራት ይረዝማል። አንዱን በሌላው የለካ ተመራማሪ የባለታሪኩን ትውስታ ያለ ጥፋቱ «ስሕተት» ይለዋል።

በጽሑፍ ምንጮችም ጥንቃቄው ያስፈልጋል። በብራና ኅዳግ ላይ የሰፈረ «በዘመነ ዮሐንስ» የሚል ማስታወሻ የወንጌላዊውን ዓመት ወይም የንጉሡን ዘመነ መንግሥት ሊያመለክት ይችላል፤ የሚለየውም በአጠገቡ ያለው ዓመተ ዓለም ወይም የጳጳሱ ስም ነው። በቃል የሚሰበሰበው ታሪክ እንዲህ ያለ ረዳት ብዙ ጊዜ የለውም። ስለሆነም ከስሜን ግርጌ ትውፊት የሚሰበስብ ተማሪ ተናጋሪው የተጠቀመበትን «ዘመን» ከነባለቤቱ መመዝገብ፣ የራሱን የዘመን ስሌት ደግሞ ለብቻው ማስቀመጥ ይገባዋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ መልሶ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።