ቮይቼህ፦ በሁለት ስም የተጻፈ ሰው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የሀገራችን ብሂል። ቮይቼህ የተባለው ጥንታዊ የፖላንድ ወንዶች ስም ግን ትርጉሙን ያገኘው ካወጡለት ሰዎች ይልቅ ከተሸከመው ሰው ሕይወት ነው።

ስሙ ከሁለት የጥንት ስላቭ ቃላት የተገጠመ ነው። የመጀመሪያው ጦረኛን፣ ሁለተኛው ደስታንና መጽናናትን ያመለክታል፤ በአንድነት «የጦረኛ ደስታ» እንደ ማለት ነው። ከክርስትና በፊት በስላቮች ዘንድ እንዲህ ያሉ ጥምር ስሞች የተለመዱ ነበሩ፤ ወላጅ ለልጁ የሚመኘውን በስሙ ያኖርለት ነበር።

ስሙን በፖላንድ ያስከበረው ሰው ግን ፖላንዳዊም ጦረኛም አልነበረም። በ956 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ከመሳፍንት ቤት ተወለደ። በማግደቡርግ ሲማር የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ አዳልበርት ምሥጢረ ሜሮን ሲፈጽምለት የራሱን ስም ሰጠው። ኋላ የፕራግ ጳጳስ ሆነ። በ997 ወደ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ፕሩሳውያን ምድር፣ ያለ መሣሪያ ለስብከት ሄዶ አፕሪል 23 ቀን ተገደለ። የፖላንዱ መስፍን ቦሌስዋቭ አስከሬኑን በክብደቱ ልክ ወርቅ ከፍሎ እንደ ወሰደ ይተረካል። በ1000 ንጉሠ ነገሥት ኦቶ ሣልሳዊ መቃብሩን ሊሳለም ወደ ግኒዬዝኖ መጣ፤ የፖላንድ የመጀመሪያው የሊቀ ጳጳስ መንበርም በዚያው ተቋቋመ። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት የግኒዬዝኖ ካቴድራል የነሐስ በሮች የሰማዕቱን ታሪክ በ18 ሥዕላዊ ቅርጾች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ የቮይቼህ ወንድም ራዲም ነበር። ራዲም የሚለው ስም ሥሩ ደስታ ሲሆን፣ በላቲን የተጠራበት ጋውዴንትዮስም «የሚደሰት» ማለት ነው። የእርሱ ስም በትርጉሙ ተሻገረ። አዳልበርት ግን የጀርመን ስም ነው፤ ፍችውም «ክቡርና ብሩህ» ነው፤ ጦረኛም ደስታም የለበትም። ስለዚህ የአንዱ ወንድም ስም ተተረጎመ፣ የሌላው ግን ተተካ።

ያም ሆኖ ጸሐፍት ሁለቱን ስሞች እንደ አንድ ቆጠሯቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት የፖላንድ ገበሬ በደብሩ የላቲን መዝገብ አዳልበርቱስ፣ በቤቱ ቮይቼህ፣ በእናቱ አፍ ደግሞ በቁልምጫ ቮይቴክ ነበር። ወደ አሜሪካ ከተሰደዱት መካከልም አልበርት ተብለው የተጻፉ አሉ። ዛሬ የአያቱን ዱካ በመዛግብት የሚፈልግ የልጅ ልጅ፣ እነዚህ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ካላወቀ አያቱን በእጁ ይዞ ያልፈዋል።

መዝገቡ በስሙ ላይ ሌላ ስም ደረበበት እንጂ አላጠፋውም። ፖላንዳውያን ዛሬም አፕሪል 23 ቀን የሚያከብሩት ቮይቼህ ብለው ነው፤ ጦረኛን የሚያነሣው ይህ ስም በአፋቸው የጸናውም ጦር ባላነሣ ሰው ነው።