ቤቱ መቃጠሉ ላይቀር፤ የተመልካች ምርጫ ከሲኒማ እስከ ቪዲዮ ጨዋታ

በልጅነታችን ማታ ማታ ተረት ሲነገረን «እባክዎ አያቴ፣ ጦጢትን አይግደሏት» ብለን ያልለመንን ጥቂቶች ነን። ተራኪዋ ከራሩልን ለዚያ ምሽት ጦጢት ትተርፋለች። ሲኒማ ቤት ግን ይህ ልመና አይሠራም። ፊልሙ አንዴ ተቀርጿልና ቢጮኹም ቢያለቅሱም ባለታሪኩ ወደ ወጥመዱ መግባቱ አይቀርም። ዛሬ በየቤታችን ልጆች የሚጫወቷቸው፣ ፊልም ይሁኑ ጨዋታ ለመለየት የሚያስቸግሩት የቪዲዮ ጨዋታዎች የተወለዱት ይህን ለመለወጥ ከተደረገ ረጅም ሙከራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1967 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቼኮስሎቫኪያ «ኪኖአውቶማት» የተባለ አዲስ ትርዒት አቀረበች። የሐሳቡ አመንጪ ራዱዝ ቺንቼራ ይባላል። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ቁልፍ ነበር። ፊልሙ አስጨናቂ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆምና አስተናጋጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ታዳሚውን ይጠይቃል። ለምሳሌ የአቶ ኖቫክ ሚስት ወደ ቤት ልትገባ በተቃረበችበት ሰዓት፣ በሯ የተቆለፈባት ጎረቤት ፎጣ ብቻ ለብሳ ከደጃፉ ትቆማለች። ያስገባት ወይስ ይመልሳት? ታዳሚው ቁልፉን ይጫናል፤ ድምፅ ይቆጠራል፤ ብዙኃኑ የወሰነውም ይታያል።

ምስጢሩ ቀላል ነበር። ሁለት ፕሮጀክተሮች እኩል ይሄዳሉ፤ ሠራተኛው በድምፁ ውጤት መሠረት የአንዱን ሌንስ ከድኖ የሌላውን ይከፍታል። ታዳሚው የትኛውንም ቢመርጥ ሁለቱ መንገዶች ትንሽ ቆይተው ይገናኛሉ። መጨረሻው አንድ ነው፤ ቤቱ ይቃጠላል። ቃጠሎው እንዲያውም ፊልሙ ሲጀምር ታይቷል። ቺንቼራ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ፣ በድምፅ አሰጣጥ ላይ ለማሾፍ ነው። የአገሩ ገዢዎችም በ1972 ትርዒቱን አገዱት።

ነገር ግን መንገዶቹ እንዲገናኙ ያስገደደው ቀልድ ብቻ አልነበረም። እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ፊልም ውስጥ 10 ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ እንበል። መንገዶቹ ጨርሶ የማይገናኙ ከሆነ የሚያስፈልጉት መጨረሻዎች 1,024 ናቸው። ከየምርጫው በኋላ የአንዲት ደቂቃ ትዕይንት ቢኖር እርስዎ 10 ደቂቃ ለማየት አዘጋጁ 2,046 ደቂቃ፣ ማለትም 34 ሰዓት ያህል ፊልም ማንሳት አለበት። ቅርንጫፎቹ ወዲያው ከተገናኙ ግን 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣ አዘጋጅ ሁሉ የታገለው ከዚህ ሒሳብ ጋር ነው።

በ1983 በአሜሪካ ሳንቲም እየተከተተ በሚጫወቱባቸው ማሽኖች ላይ «ድራገንስ ሌይር» ብቅ አለ። ሐሳቡ የሪክ ዳየር፣ ሥዕሉ ቀድሞ በዲዝኒ ይሠራ የነበረው የዶን ብሉዝ ነበር። በሌዘር ዲስክ ላይ የተቀረጸው 22 ደቂቃ ያህል ካርቱን ነው። የሌሎቹ ጨዋታዎች ሥዕል ከነጠብጣብ እምብዛም ባልተሻለበት ዘመን ይህ እንደ ተአምር ታየ፤ ዋጋውም እንደሌሎቹ 25 ሳንቲም ሳይሆን 50 ሳንቲም ሆነ። የተጫዋቹ ሥራ ግን በትክክለኛዋ ቅጽበት እጀታውን መግፋት ወይም የሰይፉን ቁልፍ መጫን ነበር። ከተሳካለት ቀጣዩ ትዕይንት ይመጣል፤ ከሳተ ጀግናው ይሞታል። ሒሳቡን የፈታው ምርጫን በማስቀረት ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሸመደደ ያሸንፋል። ዲስክ አንባቢውም ከትዕይንት ወደ ትዕይንት መዝለል እየበዛበት ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ነበር።

ሌላ መፍትሔ ያመጣው «ናይት ትራፕ» ነው። በ1987 በቪዲዮ ካሴት ለሚሠራ መሣሪያ ተቀረጸ፤ መሣሪያው ገበያ ሳይወጣ ቀርቶ በ1992 በሲዲ ወጣ። ተጫዋቹ የአንድን ቤት ስምንት ክፍሎች በካሜራ ይጠብቃል፤ በሁሉም ክፍሎች ታሪኩ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። አንዱን ሲያዩ የሌላው ያመልጥዎታል። ታሪኩ ሳይለወጥ የሚያዩትን መምረጥ ራሱ ምርጫ ሆነ። የሚያሳዝነው፣ ጨዋታው የሚታወሰው በዚህ ብልሃት አይደለም። በታኅሣሥ 1993 የአሜሪካ ሴናተሮች ስለ ጨዋታዎች ዓመፅ ሲመረምሩ እንደ መጥፎ ምሳሌ ቀረበ። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ በጨዋታ ካርቶን ላይ የሚያዩት የዕድሜ ምልክት በ1994 የመጣው ከዚያ ክርክር ነው።

ከዚያ የሲዲ ዘመን ሆነ። በ1994 «ዊንግ ኮማንደር 3» የሲኒማ ተዋናዩን ማርክ ሃሚልን ይዞ በአራት ሲዲ፣ በ1995 የሮበርታ ዊልያምስ «ፋንታዝማጎሪያ» በሰባት ሲዲ ወጡ። ወጪው ናረ። ሲዲው ስለተደረደረ ግን የተጫዋቹ ሥልጣን አልጨመረም፤ ብዙ እያየ ጥቂት ይነካ ነበር። ኮምፒዩተር ራሱ ምስል መሥራት ሲችልና ተጫዋቹ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ሲጀምር ገበያው ወደዚያ ሄደ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ2010 በፈረንሳይ በተሠራው «ሄቪ ሬይን» ውስጥ ከአራቱ ባለታሪኮች አንዱ ቢሞት ታሪኩ ያለ እርሱ ይቀጥላል። በ2012 የወጣው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ደግሞ ወደ ቺንቼራ ብልሃት ተመለሰ። ከሁለት ሰዎች አንዱን ብቻ የሚያድኑበት ጭንቅ ሰዓት አለ፤ መወሰኛው ጥቂት ሰከንድ ነው። ያዳኑት ሰው ግን ማንም ይሁን ማን በኋላ ይሞታል። የየክፍሉ መጨረሻ ላይም ሌሎች ተጫዋቾች ምን እንደ መረጡ በመቶኛ ይነገርዎታል።

ታዲያ ተታለልን ማለት ነውን? እኔ አይመስለኝም። «ድራገንስ ሌይር» ተጫዋቹን የጠየቀው «ቅደም ተከተሉን ታውቃለህ?» ብሎ ነው። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ግን «ማንን ታድናለህ? ለምን?» ይላል። ሰውየው በኋላ መሞቱ፣ በዚያች ሰዓት እጅዎን ወደ እርሱ መዘርጋትዎን አይሽረውም። መንገዶች ሁሉ አንድ ቦታ ቢደርሱም ተጓዡ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደ ደረሰ ይለያያል።

ስለዚህ ልጅዎ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከፍቶ ሲያገኙት፣ ምልክቱ ለዕድሜው የሚፈቅድ ከሆነ፣ «አጥፋው» ከማለትዎ በፊት ጥቂት አብረውት ይቀመጡ። የምርጫው ሰዓት ሲደርስ «ለምን ይህን መረጥክ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ከሰሙ በኋላ የእርስዎን ምርጫም ይንገሩት።